ካርቱምና የወንዝ ተማሪዎቿ

ከጣና ባሕር የሚወጣው ዓባይ የጎጃምን ደጋ ዞሮ፣ ቆላውን ወርዶ፣ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ካርቱም ሲደርስ ከደቡብ ከሚመጣው ከነጭ ዓባይ ጋር ይገናኛል። የአገሩ ሰዎች ይህን ስፍራ አል ሞግራን ይሉታል፤ ትርጓሜውም መገናኛ ማለት ነው። በነሐሴ ወር በዚያ ዳርቻ የሚቆም መንገደኛ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያያል። ከእኛ አገር የወረደው ውሃ አፈር ተሸክሞ እንደ ጠላ አተላ ደፍርሶ ሲመጣ፣ ነጭ ዓባይ ደግሞ እንደ እጣቢ ነጣ ብሎ ከጎኑ ይሄዳል። ሁለቱ ቶሎ አይደባለቁም፤ እንደማይተዋወቁ እንግዶች ለጥቂት ጊዜ ጎን ለጎን ይጓዛሉ። የዓባይ ጉልበት እጅግ በሚበረታበት ሰሞንም ነጩ ወንዝ መንገድ አጥቶ ወደ ኋላው ይጠራቀማል።

ብዙ ሰው ይህን አይቶ፣ ፎቶግራፍ አንሥቶ፣ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። አንዳንዱ ግን ጠርሙስ ይዞ ይመጣል። ከሁለቱም ውሃ ቀድቶ፣ ቀኑንና ሰዓቱን በደብተር ጽፎ ወደ ላቦራቶሪ፣ ማለት ወደ መመርመሪያ ቤት፣ ይወስደዋል። ይህ ጽሑፍ ስለ ጠርሙስ ያዦቹ ነው፤ ይኸውም ከመጀመሪያው ዲግሪ በኋላ በባዮሎጂ፣ ማለት በሕያዋን ፍጥረታት ጥናት፣ የምርምር ማዕርግ ለማግኘት በካርቱም ስለሚደክሙት ተማሪዎች። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ወደ ካርቱም የሚያደርሱት መንገዶች ከጥንት የታወቁ ናቸው። ከአሥመራ የሚነሣ በከረን፣ በተሰነይና በከሰላ ያልፋል፤ ከጎንደር የሚነሣ ደግሞ መተማን ተሻግሮ በገዳሬፍና በዋድ መዳኒ በኩል ይገባል። በሁለቱም መንገድ ተራራው እያነሰ፣ ሙቀቱ እየጨመረ፣ ምድሩም እንደ ገበታ እየተዘረጋ ይሄዳል። በመተማ በኩል የሚያልፍ ሰው በተለይ መሬቱን ይመልከት፤ በክረምት እግር የሚይዝ፣ በበጋ ግን እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣ ጥቁር አፈር ነው። ወደዚህ ስንጥቅ በኋላ እንመለሳለን፤ ከእርሱ ውስጥ የዶክተርነት ማዕርግ ያወጡ ተማሪዎች አሉና።

ከተማይቱ ውስጥ የትምህርት ቤቶቹ ሁሉ አባት የሆነው ሕንጻ በዓባይ ዳርቻ የቆመው የቀይ ሸክላ ቤት ነው። በ1902 ሲከፈት ጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ይባል ነበር፤ ስሙም በ1885 በማህዲ ጦርነት ካርቱም ላይ ለሞተው ለእንግሊዛዊው ጄኔራል መታሰቢያ የተሰጠ ነው። በ1903 በዚሁ ሕንጻ ውስጥ ዌልከም የተባለው የሞቃት አገር ምርምር ላቦራቶሪ ሥራውን ጀመረ። ገንዘቡንና መሣሪያውን የሰጡት ትውልዳቸው አሜሪካዊ የሆነው መድኀኒት ሠሪው ሄንሪ ዌልከም ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው ዲሬክተር ስኮትላንዳዊው ሐኪም አንድሩ ባልፉር ነበሩ። በ1907 ደግሞ በጀልባ ላይ የተሠራ ተንሳፋፊ ላቦራቶሪ በወንዙ ወደ ደቡብ እየተጎተተ፣ በደረሰበት ወደብ ሁሉ ደምና ዝንብ ይመረምር ጀመር። ማይክሮስኮፕ ተሸክሞ በረግረግ መካከል የሚሄድ ጀልባ ምን እንደሚመስል አንባቢ ራሱ ያስበው።

ኮሌጁ በ1951 ከኪችነር ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ተዋሕዶ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተባለ። ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ።

የምርምር ማዕርግ ከሌላው ትምህርት የሚለይበት ነገር አለ። በመጀመሪያው ዲግሪ ተማሪው የሚጠየቀውን ጥያቄ መልስ መምህሩ አስቀድሞ ያውቀዋል። በምርምር ማዕርግ ግን ተማሪው መልሱ በማንም ዘንድ የማይታወቅ ጥያቄ ይዞ ይነሣል፤ ተቆጣጣሪው መምህር መንገዱን ያመለክተዋል እንጂ አይሄድለትም። ጥቂት ዓመታት ሲለካ፣ ሲቆጥርና ሲጽፍ ከቆየ በኋላ የመመረቂያ ጽሑፉን ያቀርባል። በካርቱም ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ሲሆን በዐረብኛ አጭር መግለጫ ይጨመርበታል። ከዚያም ከሌላ ስፍራ የተጠራ መርማሪ ፊት ቀርቦ የጻፈውን ይከላከላል።

የባዮሎጂ ተማሪ ከሒሳብ ተማሪ ይልቅ የሚብስበት ችግር አለ። የሒሳብ ቁጥር ከዛሬ እስከ ነገ ሳይለወጥ ይጠብቃል፤ ሕይወት ያለው ነገር ግን አይጠብቅም። የሐምሌ ጎርፍ በሐምሌ ካልተለካ ዓመት ማለፉ ነው። አንድ ዓመት ብቻ የተለካም ብዙ አያስረዳም፤ ያ ዓመት ዝናብ የበዛበት ወይም ያነሰበት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ እናት ልጇን፣ «ጓደኞችህ ሁሉ አግብተው ወልደዋል፤ አንተ በሠላሳ ዓመትህ እስከ መቼ ተማሪ ትሆናለህ?» ብትለው፣ «ወንዙ እስኪጎድል ነው» ከማለት በቀር የሚመልስላት የለውም። ለቤተሰብ ይህ አጥጋቢ መልስ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ግን እውነት ነው።

በካርቱም የወንዙን ምርምር በሥርዓት ያስያዙት ፖላንዳዊው የእንስሳት ጥናት ሊቅ ዩልያን ዡስካ ናቸው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኮሌጁ ውስጥ የውሃ ሕይወት ምርምር ክፍል ተቋቁሞ በእርሳቸው ይመራ ነበር። እንግሊዛዊው ጃክ ታሊንግም አብረው ሠሩ። የሥራቸው መሣሪያ ዛሬ ላየው ሰው ቀላል ይመስላል፤ ጠርሙስ፣ ከቀጭን ሐር የተሠራ ወንፊት፣ ማይክሮስኮፕ፣ እንዲሁም በገመድ ወደ ውሃ የሚወርድ ነጭ ክብ ሰሌዳ። ሰሌዳው ሲወርድ ከዐይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይለካል፤ በዚህም የውሃው ጥራትና የብርሃኑ መጠን ይታወቃል። መሣሪያው በፈጠረው በኢጣሊያዊው ቄስና የከዋክብት ተመራማሪ ስም የሴኪ ሰሌዳ ይባላል።

ያገኙት ነገር ግን ቀላል አልነበረም። በወንዝ ውስጥ ፕላንክተን የሚባሉ እየተንሳፈፉ የሚኖሩ ጥቃቅን ዕፀዋትና እንስሳት አሉ፤ አብዛኞቹ ያለ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ከእነርሱ ትንሹ ዓሣ ይበላል፤ ከትንሹ ዓሣ ትልቁ፣ ከትልቁም ሰው። በጎርፍ ጊዜ የኢትዮጵያ አፈር ውሃውን ስለሚያደፈርሰው ብርሃን ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጥቃቅኖቹ ዕፀዋትም ከሞላ ጎደል ይጠፋሉ። ጎርፉ አልፎ ውሃው ሲጠራና ሲረጋጋ እንደገና ይባዛሉ፤ ከግድብ ኋላ በተኛ ውሃ ደግሞ ብዛታቸው እጅግ ይጨምራል። ከካርቱም በስተደቡብ በነጭ ዓባይ ላይ በ1937 የተፈጸመው የጀበል አውልያ ግድብ ይህን በግልጽ አሳይቷል። ዡስካና ታሊንግ ስለ ዓባይ የሰበሰቡትን በ1967 በአንድነት አሳተሙት፤ ዡስካ ደግሞ በ1976 ስለ ዓባይ ወንዝ ሕይወት ከብዙ ሊቃውንት ጋር ያዘጋጁትን ትልቅ መጽሐፍ አወጡ። ጽሑፎቹ መታተማቸውን አንባቢ አይርሳው።

የወንዙ ጉዳይ ለሊቃውንት ብቻ የሚመስለው ቢኖር በካርቱም በብርድ ወራት ማታ መብራት አብርቶ ይቀመጥ። ኒሚቲ የምትባል ከትንኝ የምታንስ አረንጓዴ ዝንብ መብራቱን እንደ ጭጋግ ትከበዋለች። አትናከስም፤ ነገር ግን የሰውነቷ ትቢያ በአየር ላይ ሲበተን አስም ያለባቸውን ሰዎች ትንፋሽ ያሳጥራል። ዕጯ የሚያድገው ከወንዙ በታች ባለው ጭቃ ውስጥ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ያክማል፤ ምንጩን የሚያውቀው ግን በጀልባ ሄዶ ጭቃውን ቆፍሮ ዕጩን የሚቆጥረው ተማሪ ነው። የእርሱ ጫማ ሁልጊዜ የቆሸሸ ነው፤ በቢሮ ለምንውል ሰዎችም ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ አይመስልም።

አሁን ወደ ጥቁሩ አፈር ስንጥቅ እንመለስ። ከመተማና ከሑመራ አንሥቶ እስከ ገዳሬፍ ድረስ በሰሊጥና በማሽላ እርሻ የሚሠሩ ሰዎች ካላዛር የሚባለውን በሽታ ያውቁታል፤ ትኩሳቱ ይሰነብታል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሰውነት ይመነምናል፤ ካልታከመም ይገድላል። በሱዳን ስለ በሽታው የመጀመሪያው ማስረጃ የተጻፈው በ1904 ነበር። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የተባለች እጅግ ትንሽ ነፍሳት ስትሆን፣ በዚህ አገር የምትገኘው ቀይ ግራርና ላሎብ በበቀለበት ጥቁር አፈር ነው፤ ቀን በስንጥቁ ውስጥ ትሸሸጋለች፤ ማታ ወጥታ ደም ትመጣለች። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በ1993 የቋሚ ተላላፊ በሽታዎች ተቋምን ካቆመ በኋላ ብዙ የማስትሬትና የዶክተርነት ተማሪዎች በዚህ ላይ ሠርተዋል። ወደ ምሥራቅ ሱዳን መንደሮች ወርደው ማታ ማታ ወጥመድ ያጠምዳሉ፤ የበሽተኞችን ደም በፈቃዳቸው ይቀበላሉ፤ ያንን ሁሉ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ በሚያወርድ ማቀዝቀዣ ያስቀምጣሉ። በሽታው ድንበር አያውቅምና በካርቱም የተገኘው ዕውቀት በሑመራ ላለው ሠራተኛም ይረባል።

ላሎብን ከጠቀስን ዘንድ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልወድም። ዛፉን ሱዳኖች ሄግሊግ፣ ፍሬውን ላሎብ ይሉታል፤ በእኛ ትግርኛ ዛፉ መኮዕ ነው። የዌልከም ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበሩት ሮበርት አርቺባልድ በ1933 ባሳተሙት ጽሑፍ የዚህ ፍሬ ጭማቂ ቢልሃርዝያ የሚባለውን የደም ትል የሚያሳድጉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አስረዱ። ነገሩ ለሱዳን ትልቅ ነበር፤ በ1925 የተጀመረው የገዚራ የጥጥ እርሻ ቦዮች ለቀንድ አውጣው የተመቹ ሆነው ነበርና። ከ31 ዓመት በኋላ፣ በ1964፣ ወጣቱ ኢትዮጵያዊ የባዮሎጂ ሊቅ አክሊሉ ለማ በዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ቆመው ተመለከቱ። ከሚታጠብበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈፉ፤ ከበላይ ያሉት ግን ደኅና ነበሩ። እንዶድ በትግርኛ ሽብጢ ነው፤ እናቶቻችን ነጠላ ያጠቡበት ነው። በካርቱም ፍሬ፣ በዓድዋ ፍሬ፤ ሁለቱም አረፋ የሚያወጡ፣ ሁለቱም ያንኑ ቀንድ አውጣ የሚገድሉ። ይህን ያገኘው ብርቅ መሣሪያ ሳይሆን አገሩን የሚያይ ዐይን ነው።

ካርቱም ለእኛ አገር ሰው ባዕድ ከተማ አልነበረችም። ዴም በሚባለው ሰፈር አማርኛና ትግርኛ እንደ ዐረብኛው ይሰማ ነበር። በመንገድ ዳር ቡና የሚቀዳበትን ዕቃ ሱዳኖችም ጀበና ይሉታል፤ ቃሉን ማን ከማን እንደ ወሰደ ለመከራከር ግን አንድ ጀበና ቡና አይበቃም።

በከተማይቱ ከነበሩት ስፍራዎች ለባዮሎጂ ተማሪ እጅግ የሚጠቅመው በ1929 የተመሠረተውና ኋላ በዩኒቨርሲቲው ሥር የነበረው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ነበር። በውስጡ የደረቁ ወፎች፣ በመድኀኒት ውሃ የተቀመጡ ዓሦችና እባቦች፣ እንዲሁም በሕይወት ያሉ አዞዎች፣ ኤሊዎችና ጊንጦች ይታዩ ነበር። ልጆች አዞውን ሊያዩ ይመጣሉ። የምርምር ተማሪ ግን የሚመጣው በትንሽ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሊያነብ ነው፤ ይህ ወፍ የት ተገኘ? በምን ዓመት? ማን ያዘው? በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ወረቀት ብቻ እንደሆነ ሁሉ፣ ስፍራና ቀን ያልተጻፈበት የደረቀ ወፍም ላባ ብቻ ነው።

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኀይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩም ረመዳን ነበር። ተማሪዎችና መምህራን በዩኒቨርሲቲው ሕንጻዎች ውስጥ እንዳሉ መውጫ አጡ። አንድ ተማሪ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ ሬሳውን ወደ ቤቱ ማድረስ ስላልተቻለ ጓደኞቹ በግቢው ውስጥ ቀበሩት። ሙዚየሙ ለጦሩ ጠቅላይ ሰፈር ቅርብ ስለነበረ ጠባቂዎቹ ሊደርሱበት አልቻሉም፤ በሕይወት የነበሩት እንስሳት በራብና በጥም አለቁ፤ ቆይቶም ሕንጻው ተመትቶ ዘመናት የፈጀው ስብስብ ጠፋ። የሕዝብ ጤና ማዕከላዊ ላቦራቶሪ በታጣቂዎች እጅ ወደቀ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በውስጡ ያሉት የበሽታ ናሙናዎች ሰው እንዳይጎዱ ሲል አስጠነቀቀ። በእሾህ ከተወጋ እግር ገብቶ ሥጋንና አጥንትን የሚበላውን ማይሴቶማ የተባለ በሽታ የሚያጠናው፣ በ1991 የተቋቋመውና በዓለም የታወቀው የካርቱም ማዕከልም ወደመ፤ ከ40 ዓመት በላይ የተሰበሰበው መረጃም እንደ ጠፋ መሪው ተናገሩ።

መብራት በጠፋ ጊዜ የማቀዝቀዣዎቹ ነገር ግልጥ ነው። በውስጣቸው የነበረው ደም፣ ነፍሳትና ዘር በካርቱም ሙቀት ብዙ ቀን አይቆይም። አንዲት ተማሪ ሦስት የዝናብ ወቅት በመንደር ለመንደር ዞራ የሰበሰበችው ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሊበሰብስ ይችላል። ሕንጻ ሲፈርስ በፎቶግራፍ ይታያል፤ የፈሰሰ ጠርሙስ ግን ማንም አያነሣውም። ማዕርጓን ሊሰጣት የነበረው ግን ጠርሙሱ ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሲጽፍ ግልባጭ ማድረግ ልማዱ ነው፤ አንዱ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ ለመምሪያው፣ አንዱ ለመዝገብ ቤት። አንዳንዴ ይህ ልማዳችን ያሥቃል። በካርቱም የሆነውን ሳስብ ግን መሣቅ አልቻልኩም። የዡስካና የታሊንግ ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚገኙት በብዙ አገር መጻሕፍት ቤት የተቀመጡ የታተሙ ቅጂዎች ስላሏቸው ነው። በየመሳቢያው የቀሩትና ከቶ ያልታተሙት ደብተሮች ግን ግልባጭ አልነበራቸውም። የድኻ አገር ተማሪ ለማሳተም ገንዘብና ጊዜ እንደሚያጥረው እኛም ከራሳችን ቤት እናውቀዋለን።

ከጦርነቱ በኋላ መምህራኑና ተማሪዎቹ ተበተኑ፤ አንዳንዱ ወደ ፖርት ሱዳን፣ አንዳንዱ ወደ ካይሮ፣ አንዳንዱም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ። ዩኒቨርሲቲው ትምህርቱን በኢንተርኔት ለመቀጠል ደከመ። በኢንተርኔት ንባብ ይሰጣል፤ ፈተናም ይፈተናል፤ የአሸዋ ዝንብ ግን አይያዝበትም። ጦሩ በማርች 2025 ካርቱምን መልሶ ያዘ፤ ሰዎችም ቀስ በቀስ ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር 9 ቀን ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። ስለ ግድቡ በየአገሩ ብዙ ተብሏል፤ ለባዮሎጂ ተማሪ ግን የተነሣለት ጥያቄ አዲስ ነው። ከደጋው የሚወርደው አፈር አብዛኛው ከግድቡ ኋላ ሲቀር ወደ ካርቱም የሚደርሰው ውሃ ይጠራል፤ ጎርፉም እንደ ቀድሞው በአንድ ወቅት አይነሣም። ውሃው ከጠራ ብርሃን ይገባል፤ ብርሃን ከገባ ጥቃቅኖቹ ዕፀዋት በነሐሴም ሊበዙ ይችላሉ። ዓሣው ምን ይሆናል? ኒሚቲስ ትጨምራለች ወይስ ትቀንሳለች? በገዚራ ቦዮች ያለው ቀንድ አውጣ የጠራ ውሃ ይስማማዋል? መልሱ በማንም እጅ የለም። የቀድሞው ወንዝ ምን ይመስል እንደነበረ የማያውቅ ሰውም የአሁኑን ለውጥ ሊለካ አይችልም።

ስለዚህ አንድ ተማሪ ወደ ሞግራን ዳርቻ ተመልሶ ነጩን ሰሌዳ በገመድ ወደ ውሃው ሲያወርድ፣ በሌላው እጁ በ1967 የታተመውን ጽሑፍ ሊይዝ ግድ ነው። ጽሑፉ በዚያ ዘመን ሰሌዳው በጎርፍ ጊዜ ወዲያው ከዐይን ይሰወር እንደነበረ ያስረዳዋል። የአሁኑ ስንት እጅ ወርዶ እንደሚሰወር በደብተሩ ይጽፋል፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ከጎኑ።